የሮም ወርቅና የአክሱም ወርቅ

በእስራኤሏ አሽቀሎን፣ አፍሪዳር ሰፈር ውስጥ ሁለት የሮማውያን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች ለሕዝብ ዕይታ ተቀምጠዋል። ሮም በዚህች የባሕር ዳር ከተማ ምን ያህል ሥር ሰድዳ እንደነበር እነሱን ማየት ይበቃል። የጥንቷ አሽቀሎን የራሷን ሳንቲም የምታስቀርጽ ሀብታም ወደብ ነበረች፤ የክሊዮፓትራ መልክ ያለበት የብር ገንዘብ ሳይቀር እዚህ ተቀርጿል። በሮም ዘመን ወርቅ ማስቀረጽ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን እንጂ የከተሞች አልነበረም።

አውሬየስ የሚባለው የወርቅ ሳንቲም 25 የብር ዲናር ያወጣ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 9 አውሬየስ ብቻ ስለነበር፣ ዳቦ ገዢ በወርቅ አይገበያይም ነበር። ነገሥታቱ ግን ገንዘብ ባጠራቸው ቁጥር ክብደቱን እየቀነሱ እምነት አሳጡት። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝን ሶሊደስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም አወጣ። ይህ ሳንቲም ለ700 ዓመት ያህል ጥራቱን ሳይለቅ ቆየ።

ክብሩን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ6ኛው መቶ ዘመን የአክሱምን ወደብ አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ የጻፈው ታሪክ ነው። ሶጳጥሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ ተሻገረ። የአገሩ ንጉሥ ሶጳጥሮስንና አንድ ፋርሳዊ አስቀርቦ «የማንኛችሁ ንጉሥ ይበልጣል?» ሲል ጠየቀ። ፋርሳዊው በጌታው ተመካ። ሶጳጥሮስ ግን የሁለቱን ነገሥታት ገንዘብ አስመጥቶ እንዲመለከት ነገረው። የሮም ንጹሕ ወርቅ፣ የፋርስ ደግሞ ብር ነበርና ፍርዱ ለሮም ሆነ።

አክሱም የወርቅ ገንዘብ ለመንግሥት ክብር እንደሚያስገኝ ገና በ3ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ተረድታ ነበር። ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ወርቅ አስቀረጸ፤ ጽሑፉም የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው በግሪክኛ ነበር። ቆስጠንጢኖስ ሶሊደስን ሲያወጣ አክሱምም የወርቋን ክብደት ከዚያ ጋር አስተካከለች፤ ንጉሥ ኢዛናም ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ በነበረው የጨረቃ ምልክት ፈንታ መስቀል አስቀረጸ። ይህ ጭፍን ቅጂ አይደለም፤ በዓለም ገበያ እኩል የቆመ መንግሥት ሥራ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ የመን አል-መድሃሪባ በተገኘው የተቀበረ ሀብት ውስጥ 868 የአክሱምና 326 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች አብረው ነበሩ። ባለቤታቸው ሁለቱንም ያው ወርቅ ብሎ አንድ ላይ አኑሯቸዋል።