ሳያፈስ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ

ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ንፋስ መውጫ፣ በክረምት ግድግዳ ሲሻግት በቅድሚያ የሚጠረጠረው የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ሆኖም ቀዳዳ የሌለው ቆርቆሮም ያንጠባጥባል። ለምን?

አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 17 ግራም የውኃ ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ። ከትንፋሽና ከድስት የተነሣው ተን ሌሊት የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ትርፉ ጤዛ ሆኖ ግድግዳውን ያረጥባል፤ ሻጋታም ይበቅልበታል። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውኃም የሚፈጠረው በዚሁ ሕግ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመልክቷል። እንግዲህ ሻጋታን በቀለም መሸፈን ምንጩን አያደርቅም፤ ብርዱ ቢከብድም፣ ምግብ ሲበስል መስኮት መክፈት ግን ተኑን ያስወጣል።