ያገለገለ የእጅ ስልክና የመታገድ ስጋት
በደብረ ታቦር ገበያ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው የሚፈትነው ካሜራውንና ባትሪውን ነው። ስልኩን ከኔትወርክ የሚያሳግደው ግን አይኤምኢአይ የተባለው ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥሩ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ ያደረገው የቀፎ ምዝገባ ሥርዓት የተሰረቁና በኮንትሮባንድ የገቡ ቀፎዎችን ለማገድ ታስቦ ነበር። እገዳው በቀፎው ላይ ስለሆነ ሲም ካርድ መቀየር አይፈታውም፤ ዋይፋይ መሥራቱም ገዥን ያዘናጋል። ከሁሉ የሚከፋው እገዳው ከሽያጩ በኋላ ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ባለቤቱ ስርቆቱን ዘግይቶ ካመለከተ ዛሬ የሚሠራው ስልክ ነገ ዝም ይላል። *#06# ሲደወል የሚታየውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር ቢጠቅምም ይህን አይከላከልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ንብረቱን ከቅን ገዥ እጅ እንኳ እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ድንች ሸጦ ስልክ የገዛ የፋርጣ ገበሬ ሻጩን የሚጠይቅበት ማስረጃ፣ በምስክር ፊት የተጻፈና መለያ ቁጥሩን የያዘ ውል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።