ከገለባ እስር የሚሠራ ቤት፦ በብዙ እጅ ተገንብቶ በጥቂት ኃይል የሚሞቅ

ኃይል ቆጣቢ ቤት የሚባለው በብርድ ወራት ለማሞቅ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ ለማቀዝቀዝ የሚጠይቀው ማገዶ ወይም ኤሌክትሪክ አነስተኛ የሆነ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት በውድ መሣሪያ ብቻ የሚገኝ ቢመስልም፣ በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት የተጀመረው በገለባ እስር፣ ማለትም ተጨምቆ በታሰረ ገለባ፣ የመገንባት ዘዴ አንድ ቤተሰብ ከዘመድ ወዳጁ ጋር ሆኖ አብዛኛውን ሥራ በገዛ እጁ ሊያከናውነው እንደሚችል ያሳያል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳንድሂልስ በተባለው የነብራስካ አሸዋማ ኮረብታማ ምድር የሰፈሩ ገበሬዎች ለቤት የሚሆን ዛፍ አላገኙም፤ በሌላው የሜዳ አገር ከነሣሩ እየተቆረጠ ለግድግዳ ይደረደር የነበረው አፈርም በዚያ አሸዋ ስለበዛበት ይፈርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የወጣው የኪንኬድ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ እስከ 640 ኤከር፣ ማለትም 260 ሄክታር ገደማ መሬት በመፍቀዱ የሰፋሪው ቁጥር ሲጨምር፣ ድርቆሽና ገለባ ጨምቆ የሚያስር መሣሪያ በእጃቸው ስለነበር እስሮቹን እንደ ትልልቅ ጡብ እየደረደሩ ግድግዳ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1928 በአርተር ከተማ በዚሁ ዘዴ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዘመናችን ደርሷል።

የዘዴው ጥቅም የሚመነጨው ከአየር ነው። ሙቀት በማይንቀሳቀስ አየር ውስጥ የሚያልፈው በዝግታ በመሆኑ፣ በአገዳዎቹ ውስጥና መካከል አየር የታፈነበት፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ45 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ግድግዳ የቤቱን ሙቀት በቀላሉ አያስወጣም። በሁለቱም በኩል የሚለጠፈው ልስን ንፋስ እንዳይገባ ይከላከላል፤ እሳትም የሚፈልገውን አየር በተጨመቀውና በተለሰነው ገለባ ውስጥ እንደ ልብ ስለማያገኝ ግድግዳው በቶሎ አይቀጣጠልም።

በኢትዮጵያ ገጠር ጎረቤት በደቦ ተጠራርቶ ጭድ የተቀላቀለበትን ጭቃ እየረገጠ ቤት ይመርጋል፤ ጭዱም ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። በገለባ ቤት ገለባው ራሱ የግድግዳው ዋና አካል ቢሆንም፣ የሥራው ጠባይ ለደቦ እኩል ይመቻል፤ እስሮቹን ማቀበልና መደርደር፣ ክፍተቱን መድፈን፣ አፈር መንፋት፣ ጭቃ ማቡካትና የመጀመሪያውን ልስን በእጅ እየተጫኑ ወደ ገለባው ማስገባት ልምድ የሌለው ሰው ባለሙያ እያሳየው ፈጥኖ የሚለምደው ሥራ ነው። መሠረቱን፣ ምሰሶውንና ጣሪያውን እንዲሁም የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን ስሕተታቸው ለሕይወት አደጋ ስለሚሆን ባለሙያ ሊሠራቸው ይገባል። በምሰሶ በሚቆም ቤት ጣሪያው ቀድሞ ከተከደነ፣ ደቦው በሚሠራበት ጊዜ እስሮቹ ከዝናብ ይጠበቃሉ።

የዚህ ቤት ዋነኛ ጠላት እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ የቆየ ገለባ ሊሻግትና ሊበሰብስ ስለሚችል፣ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ መሠረት ላይ መቆም፣ የጣሪያውም ጠርዝ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ መውጣት አለበት፤ ለልስኑም እንፋሎት የሚያሳልፈው ሸክላማ አፈር ወይም ኖራ ከሲሚንቶ ይመረጣል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ወዳጆቹን ከመጥራቱ በፊት ፈቃዱን ያውጣ፣ ንድፉን ባለሙያ ያሳይ፣ ደረቅ ገለባውንም በተከደነ ቦታ ያከማች፤ የወዳጅ ጉልበት ፍሬ የሚያፈራው ባለቤቱ አስቀድሞ በሚገባ ሲዘጋጅ ነውና።