የዓሣ ገንዳ ባለበት ክፍል እርጥበትንና የኤሌክትሪክ አደጋን መከላከል

በመኖሪያ ቤት የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ውሃው በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ተን ሆኖ ከክፍሉ አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለተኛው በገመድና በቱቦ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቤቱን ይጎዳል፤ ሁለተኛው የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የእርጥበቱ ጉዳይ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ቢበዛ 17 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 30 ሜትር ኩብ አየር ያለው ክፍል የሚሸከመው ከግማሽ ሊትር ብዙም ያልበለጠ ውሃ ነው። ክዳን የሌለው ትልቅ ገንዳ ግን በቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊተንበት ይችላል። መስኮት በማይከፈትባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት፣ ትርፉ ተን በቀዝቃዛው መስታወትና በግድግዳው ማዕዘን ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ጤዛውን ሻጋታ ይከተለዋል፤ ሻጋታም በተለይ አስም ላለባቸው ሰዎች ጎጂ ነው።

መፍትሔው ከገንዳው ይጀምራል። ጥቂት የአየር መግቢያ የተተወለት ክዳን ትነቱን በእጅጉ ይቀንሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። በርካሽ የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ ይህን ያሳያል። መጠኑ ካልወረደ አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ወይም የእርጥበት ማስወገጃ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ በኩል ብዙዎችን የሚያዘናጋው፣ በቆጣሪው አጠገብ ያለው የተለመደው ብሬከር ሰውን ይጠብቃል የሚለው እምነት ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦ ግሎ እሳት እንዳይነሳ ነው፤ የሚያቋርጠውም ጅረቱ 15 ወይም 16 አምፒርን ሲያልፍ ነው። የልብን ምት ለማዛባት ግን የአንድ አምፒር አንድ አሥረኛ እንኳ ይበቃል። ሰውን የሚጠብቀው በሄደውና በተመለሰው ጅረት መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካው መከላከያ ነው። በአሜሪካ ልዩነቱ 5 ሚሊአምፒር ገደማ ሲደርስ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ30 ሚሊአምፒር ሳያልፍ ኃይሉን በቅጽበት ያቋርጣል። ዘወትር መሥራቱን ለማረጋገጥ በላዩ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ይገባል።

የገመዱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ቢወጣ፣ ጠብታው ከእጥፋቱ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውም ወለል ላይ ወይም ከገንዳው ሥር ሳይሆን ከጎን፣ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ መታሰር አለበት። የጨው ውሃ ገንዳ ባለበት ቤት መሰኪያዎች ላይ የሚጋገረው ጨው እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ኃይሉ ተቋርጦ መጽዳት ይኖርበታል።

እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት የማሞቂያውና የፓምፑ መሰኪያ ይነቀላል። ሶኬቱ ራሱ ከረጠበ ግን ሳይነካ ኃይሉ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጣል። መከላከያው ደጋግሞ ሲያቋርጥ፣ ዓሦቹ እንዳይሞቱ በሚል እርሱን አልፎ ከሌላ ሶኬት መሰካት አደገኛ ነው፤ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የተበላሸውን መለየትና መተካት ይገባል። ማሞቂያውና ፓምፑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መከላከያ ቢኖራቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው መሥራቱን ይቀጥላል።