የጆርጅ ታውን ሱቅ ቤቶች

በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከሕንድና ከቻይና የሚመጡ መርከቦች በሚተላለፉበት በማላካ ሰርጥ አጠገብ ፒናንግ የምትባል ደሴት አለች። የጆርጅ ታውን ከተማ በዚች ደሴት ላይ የተቆረቆረችው በ1786 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው)፣ የቆረቆራትም በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ስም ፍራንሲስ ላይት ነው። ወደቧ ቀረጥ የማይከፈልበት ስለ ነበረ ቻይናዎች፣ ሕንዶች፣ ማላዮች፣ ዐረቦችና አርመኖች ለንግድ መጥተው ሰፈሩባት። ዛሬ የማሌዢያ ክፍል ናት።

ከተማዪቱን ከሁሉ ይልቅ ያስመሰገናት ተራው የነጋዴ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ስለ ሆነ ሱቅ ቤት ልንለው እንችላለን። ከፊት ሲያዩት ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን እጅግ ይረዝማል። የፎቁን ወለል የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከግራው ግድግዳ እስከ ቀኙ ስለሚዘረጉ የቤቱ ስፋት ከእንጨቱ ርዝመት አያልፍም። ጐረቤታሞችም በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ ይጋራሉ።

እንዲህ ያለ ረጅም ቤት በዚያ ሙቀት መካከሉ ጨለማና እፍንፍን ያለ እንዳይሆን ምን ተደረገ? በቤቱ መካከል ጣራ የሌለው ትንሽ ግቢ ተተወለት። የሞቀው አየር በዚያ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከደጅ ይተካል፤ ብርሃንም ይገባል። ከፊት ለፊት ደግሞ ባለ አምስት ጫማ የሚባል ጥላ ያለው መተላለፊያ አለ። ራፍልስ በ1822 ለሲንጋፖር ባወጣው ፕላን የታዘዘው ይህ ልማድ ወደ ሌሎቹም ከተሞች ተዛመተ፤ መንገደኛውም ከፀሐይና ከዝናም ተጠልሎ ይሄዳል።

እነዚህ ቤቶች እስከ ዘመናችን የቆዩት በአንድ የኪራይ ሕግ ምክንያት ነው። ሕጉ ከ1948 በፊት በተሠሩ ቤቶች ላይ ኪራይ እንዳይጨመር፣ ተከራይም በቀላሉ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ባለቤቱ ብዙ ትርፍ ስለማያገኝ አያድስም፤ ተከራዩን ማስወጣት ስለማይችልም አያፈርስም። ስለዚህ ቤቶቹ ቢያረጁም ቅርጫት ሠሪው፣ የሱቅ ሰሌዳ ቀራጩና ዕጣን ሠሪው በየሥራቸው ቆዩ። ሕጉ ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ ሲቀር ግን ኪራይ ናረ፤ ብዙ ሰዎችም ለቀው ሄዱ። በአንዳንዱ ባዶ ቤት ጎጆዋን በምራቋ የምትሠራ ወፍ መርባት ጀመረች፤ ጎጆዋን ቻይናዎች በሾርባ አድርገው በውድ ዋጋ ይበሉታልና። ባለቤቶቹ መስኮቱን በጡብ ደፍነው የወፍ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ያሰሙ ነበር። በኋላ መንግሥት ይህ እርባታ ከአሮጌው ከተማ እንዲወጣ አዘዘ።

ዩኔስኮ ጆርጅ ታውንንና ማላካን በ2008 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከምክንያቶቹም አንዱ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህል በከተሞቹ ውስጥ በሕይወት መኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ እድሳቱ በረታ። ይሁን እንጂ እድሳት ሁሉ መልካም አይደለም። የጥንቱ ግድግዳ በኖራ የተለሰነ ስለ ሆነ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በልስኑ በኩል ይተናል። በሲሚንቶ ቢለሰን ግን እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው ጨውም ጡቡን ያፈራርሰዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው ቤቱን አሳመርሁ ሲል ይጐዳዋል።

ከግድግዳው የሚበልጠው ጥያቄ ግን የነዋሪው ነገር ነው። ብዙው ሱቅ ቤት ለጐብኚዎች ሆቴልና ቡና ቤት ሆኗል። ገንዘቡ ለጥገና ይረዳል፤ ነገር ግን ቅርጫት ሠሪው ከሄደ በኋላ የተቀባው ደጅ የማንን ታሪክ ይናገራል? የኪራዩ ሕግ ሰዎቹን ጠብቆ ግድግዳውን ዘነጋ፤ ዛሬ ደግሞ ግድግዳው ሲጠበቅ ሰዎቹ እየተረሱ ነው። ቅርስን መጠበቅ የሚባለው ኖራውንም፣ በቤቱ ውስጥ የሚሠራውንም ሰው አብሮ ማቆየት ሲሆን ነው።