የወለቀውን ጥርስ አትጣሉት

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓት አልፎ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ አፉን በመሐረብ የያዘ ልጅ ክሊኒካችን በር ላይ ይደርሳል። ወላጆችም መምህራንም ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በብዛት የሚጎዱት ሁለቱ የላይኛው የመሃል ጥርሶች ናቸው። ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይበቅላሉ፤ ሥራቸው ተሠርቶ የሚያልቀው ግን 10 ዓመት አካባቢ ነው። ልጅ ሮጦ የማይጠግብበት ዕድሜም ይኸው ነው። ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ግን ጥርሱ ገጠጥ ብሎ ከንፈሩ የማይገጥምለት ልጅ ነው፤ ሲወድቅ ምቱን የሚያበርድለት ከንፈር የለም። ጓደኞቹ ሲስቁበት እንሰማለን፣ ለአደጋ መጋለጡን ግን ልብ አንልም። ኳስ ሳይጀምር ለሐኪም ይታይ።

ኳስ ሜዳው፣ ደረጃው፣ ድብድቡ የታወቀ ነው። እኔን የሚያናድደኝ የቧንቧው ነው፦ ልጁ አጎንብሶ ሲጠጣ ሌላው ከኋላ ጭንቅላቱን ይገፋዋል፣ ጥርሱ ከብረቱ ጋር ይላተማል። እዚያ የሚቆም አንድ አስተማሪ ቢኖር ይህ ይቀር ነበር።

ከነሥሩ የወለቀ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ ሊተከል ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣልን በሶፍት ተጠቅልሎ ደርቆ፣ አንዳንዴም ለንጽሕና ተብሎ ሥሩ ተፈትጎ ነው። ጥርሱን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ደርቆ 1 ሰዓት ካለፈው ሕይወት አይኖረውም። ስለዚህ ሥሩን ሳትነኩ በሚታየው ነጭ ክፍል ያዙት። ከቆሸሸ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ እዚያው ወደ ቦታው መልሱት፤ ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ከፈራችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት። ከሱቅ የሚገዛው የላስቲክ ወተት ይበቃል። ወተት ከጠፋ ልጁ ምራቁን በሚተፋበት ብርጭቆ ይቀመጥ፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይቆይ። ከዚያ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። ቢዘገይም ይዛችሁት ኑ፤ የ9 ዓመት ልጅ ጥርሱን ካጣ፣ መንጋጋው አድጎ እስኪጨርስ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ (ኢምፕላንት) አናስገባለትም።

የወተት ጥርስ ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ መመለሱ ከላዩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። ቋሚ ጥርስ የተሰበረ ከሆነም ስባሪውን ፈልጉ፣ መልሰን የምናጣብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ «አላመመኝም» ቢልም ይታይ፤ ነርቩ ሞቶ ጥርሱ የሚጠቁረው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል።