ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው የሚሆን የፀሐይ መነጽር

እህል ስታዘሩ በየት በኩል መቆም እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ነፋሱ እብቁን ከእናንተ አርቆ እንዲወስደው ትቆማላችሁ እንጂ ፊታችሁን ለእብቁ አትሰጡም። አንዲት እብቅ ዓይን ውስጥ ከገባች ሥራው ይቆማል። ሰውየው መንሹን ጥሎ ዓይኑን ይይዛል።

ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን አውድማ ላይ ፊቱን ለእብቁ እንደ ሰጠ ሰው ነው። ነፋስ ባይኖር እንኳ ፍጥነቱ ራሱ ነፋስ ይሆንበታል። አቧራው፣ አሸዋው፣ ጢንዚዛው ሁሉ የሚመጣው ወደ ዓይኑ ነው። ገበሬው መንሹን ይጥላል። ሞተረኛው መሪውን የት ይጥለዋል?

እስቲ እናስላው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው ዓይኑን ለ2 ሴኮንድ ብቻ ቢጨፍን 22 ሜትር ሳያይ ሄደ ማለት ነው። በእርምጃ ቢለካ 30 እርምጃ ያህል ይሆናል። በ30 እርምጃ ውስጥ ልጅ አለ፣ በግ አለ፣ ጉድጓድ አለ።

እኛ ያለነው አዲስ አበባ፣ ብስራተ ገብርኤል ነው። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ቢያወጣም፣ ፈቃድ ያላቸው ዕቃ አድራሾችና መልእክተኞች አሁንም ይሠሩበታል። በገጠርም የግብርናው ባለሙያ፣ የከብት ሐኪሙ በሞተር ሲመጣ ታያላችሁ። ከእናንተም ልጆች የሚነዳ አይጠፋም። ስለዚህ ነገሩ የከተሜ ቅንጦት አይደለም።

ከእኛ አንዱ ከመንገድ ዳር አዟሪ ላይ አንድ ጥቁር መነጽር ገዛ። መነጽሩ ያምር ነበር፤ ዋጋውም ቅናሽ ነበር። ሰውየው ጠዋት ያደረገውን ማታም አላወለቀውም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ከሳር ቤት ወደ ብስራተ ገብርኤል ሲመጣ አንድ ልጅ መንገድ አቋረጠ። ልጁን ያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ሞተሩን ወደ ጎን ጣለው። ልጁ ምንም አልሆነም። የእኛ ሰው ግን ክንዱ ተሰብሮ 2 ወር ከሥራ ቀረ።

ለምን አላየም? መነጽሩ ለጠራራ ፀሐይ የተሠራ ስለ ነበረ ነው። የፀሐይ መነጽር ጥቁረት ከ0 እስከ 4 በቁጥር ይለያል። 0 ነጭ ነው ማለት ይቻላል። 3 ለጠራራ ፀሐይ ይሆናል። 4 እጅግ ጥቁር ስለ ሆነ ለበረዶ ተራራ እንጂ ለመንዳት አይሆንም። ለምሽትና ለሌሊት ደግሞ ነጩ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የእኛ ሰው አሁን ሁለት መነጽር ይይዛል፤ ጥቁሩን ለቀን፣ ነጩን ለማታ። በቀንም ቢሆን በቀለበት መንገድ ከድልድይ ሥር ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፀሐይ ወደ ጥላ የገባ ዓይን ጥላውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋልና።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል፤ የማይታይ ነውና። ፀሐይ ከምናየው ብርሃን ሌላ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር ትልካለች። ይህ ጨረር ለብዙ ዓመት ዓይንን ሲመታ የዓይን ሞራ እንዲመጣ ይረዳል። የዓይን ሞራ ሌላም ምክንያት አለው፤ ዋናው እርጅና ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዚሁ በሽታ ነበር። ደገኛ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለችው 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው።

«ጥቁር ካደረግሁ ጨረሩ አያገኘኝም» የሚል ሰው ይኖራል። ተሳስቷል! ጨለማ ቤት ስትገቡ የዓይናችሁ ብሌን ይሰፋል አይደል? በጥቁር መነጽር ውስጥም እንዲሁ ይሰፋል። መነጽሩ ጨረሩን የማያግድ ከሆነ፣ በሩን በሰፊው ከፍቶ ሌባ እንደ ማስገባት ነው። ጨረር የሚያግደው ጥቁረቱ ሳይሆን የተሠራበት ነገር ነው። ነጭ ሆኖ የሚያግድ አለ፤ ጥቁር ሆኖ የማያግድም አለ። በደህናው መነጽር ላይ በፈረንጅ ፊደል «ዩቪ»፣ ቀጥሎም 400 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ወረቀት መለጠፍ ግን ለማንም ቀላል ነው። የሚሻለው መለኪያ መሣሪያ ያለው መነጽር ቤት ሄዶ «ለኩልኝ» ማለት ነው። መነጽሩን ሌላ ቦታ ገዝታችሁትም ቢሆን ጠይቁ።

ቀለሙ ግራጫ ወይም ቡና ዓይነት ይሁን። በሰማያዊና በሮዝ መነጽር የትራፊክ መብራት ቀለሙ ይለወጥባችኋል። መስተዋት አትግዙ፤ ድንጋይ ቢመታው ስብርባሪው ዓይን ይወጋል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በቀላሉ አይሰበርም። ቅርጹ ፊትን ከጎን ጭምር የሚያቅፍ ይሁን፤ አለዚያ አቧራው በጎን ይገባል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ቀጭን ይሁን። ወፍራም ከሆነ ሄልሜት ሲደረግበት ጆሮን እየተጫነ ራስ ያሳምማል።

ሳትከፍሉ በፊት መነጽሩን በእጃችሁ አርቃችሁ ያዙና በውስጡ የበር መቃን ተመልከቱ። መነጽሩን ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት መቃኑ ከተጣመመ መልሱለት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ከዚያ አድርጋችሁ ራሳችሁን ወደ ታች ነቅንቁ፤ ከወደቀ ልካችሁ አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ በደረቅ ነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ አትወልውሉት። አቧራው እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በውኃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አሸዋ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ከመንገዱ ውጡና ቁሙ። ዓይናችሁን አትሹት። እጃችሁን ታጠቡና በብዙ ንጹሕ ውኃ ዓይናችሁን እጠቡት። ቅጠል ጨምቆ መጨመር፣ በምላስ ማውጣት ቁስሉን ያመረቅዘዋል። የተሰካ ነገር ካለ ደግሞ አትንኩት፤ ሳይጫን ሸፍናችሁት፣ ሌላ ሰው እየነዳ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳችሁ።